ሳይሳሳቱ ስለጻፉ «ሰው አይደሉም» ስለተባሉት ዶኛ ኤውሎሂያ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታሉ የቀጠሮ ድረ ገጽ ኃላፊ፣
አሬኪፓ

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ ጤናዎ እንደ ድረ ገጽዎ በር የጸና ሆኖ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎን ይጠብቅልዎ፤ እሱ ከታመመ ቀጠሮ የሚያዘው በእርስዎ ገጽ ብቻ ነውና።

እኔ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ኢንተርኔት ቤት የምሠራ ዊልበር ቲኮና ነኝ። ትምህርቴን እኔ ልተወው እሱ ይተወኝ እስካሁን አልተጣራም። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው፦

፩. ጎረቤታችን፣ በአክብሮት «ዶኛ» የምንላቸው ኤውሎሂያ ቾኬዋንካ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ጃንጥላ ሥር፣ በጽሕፈት መኪና የሰው አቤቱታ ሲጽፉ ኖረዋል። ፍርድ ቤቱ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ወረቀት ስለማይቀበል ጣታቸው መሳሳት አያውቅም፤ ቁልፎቹን ሳያዩ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት በእኩል ምት ይመታሉ። አሁን የዓይን ግፊት ግራ ዓይናቸውን ጨርሶታል። ቀኙ እስከ ነሐሴ ቀዶ ጥገና ካላገኘ እሱም እንደሚከተል የጤና ጣቢያው ሐኪም ነግሯቸዋል።

፪. በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚከፈተው ገጽዎ እንደተከፈተ፣ ዶኛ በእኛ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠው ስማቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን ባንድ ትንፋሽ ጻፉ። አንድ ፊደል አልሳቱም። ማውዙንም አልነኩም፤ የቀስቱ ምልክት አይታያቸውማ። ገጽዎም «እርስዎ አውቶማቲክ ፕሮግራም ነዎት» ብሎ በሩን ዘጋ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ማሽን ነዎት ይላል።»

«ማሽኑንማ ከሸጥኩት ሦስት ዓመቴ ነው በልልኝ።»

መልእክቱን እነሆ አድርሻለሁ።

፫. ገጽዎ ቸር ነውና ሰውነታቸውን የሚያስመሰክሩበት ዕድል ሰጣቸው፤ ከዘጠኝ ደብዛዛ ፎቶዎች የትራፊክ መብራት ያለባቸውን እንዲመርጡ። ዓይን ሊታከም የመጣን ሰው አስቀድሞ ዓይኑን መፈተን ትልቅ ጥንቃቄ ነው፤ እናመሰግናለን። እኔ ልመርጥላቸው ብል፣ ምሰሶው ከመብራቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም እያልኩ ሳመነታ ሰዓቱ አለፈ።

፬. በሚቀጥለው ሰኞ ትንሽ እየተሳሳቱ እንዲጽፉ ለመንኳቸው።

«በገዛ ስሜ ላይ ልሳሳት? አንተ ቀልማዳ፣ ከትምህርት ቤት የተባረርከው በዚህ አይደል እንዴ?»

ቢሆንም ለዓይናቸው ሲሉ ሞከሩ። ስማቸውን አበላሽተው ሰረዙ፤ ደግመው ጻፉ፤ እያፈሩ። መታወቂያ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸው አመሉን ያዘና ታታታታ አደረገው። ገጽዎም መዝገባቸውን ለዘጠና ቀን አገደ። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ነሐሴ አልፏል።

፭. ስልክ ደወልን፤ የተቀዳች ድምፅ ቅሬታችንን ወደ ገጹ ገብተን እንድናቀርብ መከረችን። በአካል ሄድን፤ ዘበኛው «እናቴ፣ እኔ እኮ በር እንጂ ቀጠሮ አልይዝም» አላቸው። ከሁላችሁም የተሻለ መልስ የሰጠን እሱ ነው።

፮. እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። እልህ ይዞኝ ፕሮግራም ሠራሁ። ሦስት ፊደል ጽፎ አንዱን ያጠፋል፣ ማውዙን እንደ ሰካራም ያንገዳግዳል፣ መሀል ላይ ዝም ብሎ ይተክዛል። የዶኛ መዝገብ ስለታገደ በእኔ ስም ላክሁት። ገጽዎ «እንኳን ደህና መጡ» አለውና ሳይጠይቀው ቀጠሮ ሰጠው። ዶኛ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። «ለእሱስ ተከፈተለት፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» ብቻ አሉ። ጥያቄውን ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

በበርዎ ፊት ኮፍያዬን አውልቄ፣ ሰው መሆናችንን እስኪያረጋግጡልን በታላቅ ትሕትና የምጠብቅ፣ ታዛዥዎ

ዊልበር ቲኮና

ማሳሰቢያ፦ ቀጠሮውን ወደ ዶኛ ላዛውር ብል «ለሌላ ሰው አይተላለፍም» ተባልኩ። ስለዚህ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ምንም ያልሆኑትን ሁለት ዓይኖቼን ይዤ እቀርባለሁ። ዶኛ ኤውሎሂያም ክንዴን ይዘው አብረውኝ ይመጣሉ። ሐኪሙ ከሁለታችን ማንን እንደሚመረምር ገጽዎ አስቀድሞ ወስኖለታል።