የፊልሙ አባትና የእናታችን ዱዓ

ማክሰኞ

ዛሬም «ኔትወርክ የለም» አልኳት። እማየ ስለ ወንድሜ ስለ ሰይድ በጠየቀችኝ ቁጥር መልሴ ይኸው ነው። ሰይድ ግን እሁድ በጅቡቲ መንገድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል፤ አጎቴ ሄዶ እዚያው ቀብሮት መጣ። እማየ የዓይኗን ሞራ ደሴ አስገፍፋ ገና መመለሷ ነው። ጠብታ አለ፣ ማሸት የለም፣ ውሃ የለም። «እንባ ዓይኗን ያጠፋዋል፤ እስኪድንላት መርዶው ይቆይ» ያለችው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ናት። እኔም እሺ አልኩ።

ለቅሶው አጎቴ ቤት ነው፣ ከአስፋልቱ ማዶ። ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እኛ ዘንድ ለጥየቃ ይመጣል። እትየ ጥሩወርቅ ለለቅሶ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ደጃችን ላይ ስታስተካክል በመስኮት አየኋት። ገብታ ከእማየ ጋር ሳቀች። ሳቁ እንዴት እንደወጣላት እንጃ።

ረቡዕ

እማየ ስልክ ስልክ እንዳትል ዘይነባ ትርጉም ፊልም ከፈተች። እማየ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ትሰማለች። ምርጫው ግን አልቀናንም። ፊልሙ ላይ አንድ ዓይነ ስውር አባት ልጁን ይጠብቃል። ልጁ ሞቷል፤ እህትየው ታውቃለች። ተነስቼ ላጠፋው ፈለግሁ፣ እማየ ለምን እንዳትለኝ ተውኩት። መጨረሻ ላይ አባትየው ሲያጣጥር እህትየው ከመንገድ አንድ እንግዳ ሰው ታመጣና «ልጅህ መጣ» ብላ እጁን ታስይዘዋለች። ፈገግ ብሎ ይሞታል። ልጅቷ አታለቅስም፣ አትስቅም። አለቀ።

ዘይነባ «ደግ ሠራች፤ አረፈ» አለች። እኔ ደግሞ የአባቷን ለቅሶ ማየት ፈርታ ነው አልኩ። ገላመጠችኝ።

እማየ ግን «ክፉ እንኳ አይደለችም» አለች። «ግን አባትየው ምን በደለ? ለልጁ ሳያለቅስለት፣ አላህ ይማርህ ሳይለው ሄደ። ይኸ የአባት ሐቅ አይደለም እንዴ?» ከዚያ እጆቿን ዘረጋች። «ያረቢ፣ የኔን ሰይድ በሰላም መልስልኝ።»

አሚን አልን። ሁለታችንም።

ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። የፊልሟን ልጅ ስወቅስ አደርኩ። የእሷስ አባት ሊሞት ነበር። የእኔ እናት በሕይወት አለች፤ ነገ ትጠይቀናለች።

የሚያንገበግበኝ ዱዓው ነው። በየሶላቱ ለሞተ ልጇ «በሰላም መልስልኝ» ትላለች። ለሰይድ ረሕመት፣ የአላህን ምሕረት፣ የምትለምንለት እናት አለችው፣ እኛ አፏን ዘግተናል።

ለዘይነባ ነገርኳት። «ዓይኗ ቢጠፋ በአንቺ ነው» አለች። ይሁን አልኩ። አጎቴ ጋ ሄድኩ። «ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን» አለኝ።

ዓርብ

ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ መጡ። እማየ የኮቴያቸውን ብዛት ሰማች፤ ገና ሳይናገሩ «ሰይድ ነው?» አለች።

ጩኸቷን አልጽፈውም።

ቀትር ላይ ጠራችኝ። «ረቡዕ ለት ዱዓ ሳደርግ ልጄ አፈር ውስጥ ነበር?»

አዎ አልኳት።

«አሚን ብለሻል?»

አዎ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቅዳሜ

አላናገረችኝም። ዘይነባ ጠብታውን ይዛ ብትሄድ መለሰቻት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ያይ አያይ አናውቅም። ሰኞ ደሴ እንወስዳታለን። ከሶላት በኋላ ግን ሰማኋት፤ «ማረው፣ ቀብሩን አስፋለት» ትላለች።

ማምሻውን «ጠብታውን አምጪ» አለችኝ። ጭኔ ላይ ጋደም አለች። ጣል ሳደርግላት ከእንባዋ ጋር ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ድገሚው» አለች።