የሽመላዎቹ ፊልም

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለያለምዘውድ፣ ጎንደር። ጤናሽ እንዴት ከርሟል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ታናሹ ልጄ ኡሪ ከወታደሮቹ ጋር ድንበር ነው ያለው፤ እህቱ ሊሞር «ስልክ አያስይዟቸውም እኮ፣ ቤሰደር ነው» ትለኛለች፤ ደህና ነው ማለቷ ነው።

እዚህ ክርያት ሞሼ፣ ከሰፈራችን አዳራሽ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለ ዱሩና ስለ አራዊቱ ፊልም ያሳዩናል። ትናንት የሽመላ ነበር። በኛ ሰማይ አልፈው ወደ እናንተ አገር ይወርዳሉ አሉ። እኔ መንገደኛ የምሸኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ «በሰላም ግቡ!» ስል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን አጠፋሁ?

ደግሞ ግራ የገባኝ፣ አንዷን ሽመላ ጀርባዋ ላይ ትንሽ መሣሪያ አስረውባታል። የት እንዳደረች፣ የት ውሃ እንደጠጣች እዚህ ተቀምጠው ያውቃሉ! ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲሉ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሊሞርን «ለሰውስ ያስሩለታል ወይ? በዕብራይስጥ በይልኝ» አልኳት። አልተረጎመችልኝም። እጄን ብቻ ያዘችኝ።

ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሳሚልኝ። ያቺ መሣሪያ ያላት ሽመላ እናንተ ዘንድ ከደረሰች ቶሎ ጻፊልኝ፤ የእሷን እንኳ በሰላም መግባት ልስማ።

እህትሽ ደጊቱ፣ ከሬሆቮት