ዲምቱ የቀረችበት ማኅተም

ሶዶ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18

የልጅ ልጄ አስቴር ዛሬ ጎደሬዋን ሳትጨርስ ከምሳ መነሣቷን በታላቅ ክብር ለታሪክ መዝግቤአለሁ።

አስቴር የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኢሜይል ሰርቨር ኃላፊ ናት። ሰርተፍኬቱ ዛሬ ስለሚያበቃ ላፕቶፗን ከፍታ የአዲሱን ማመልከቻ ትሞላለች።

"እሱ ደግሞ ምንድነው?" አልኳት።

"እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፣ አባባ። ሰርቨሩ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣል። አንዱ ለሁሉም ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ግን የሁሉም ስም አንድ በአንድ መጻፍ አለበት።"

ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ቤት ስሠራ ብዙ ስም የሚይዝ ማኅተም አላየሁም። ገረመኝ። መነጽሬን አድርጌ ስሞቹን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሶዶ አለ፣ ቦዲቲ አለ፣ በቪዲዮ የሚሰበሰቡበትም አለ።

"የዲምቱ ቅርንጫፍስ?" አልኳት።

ጭንቅላቷን ያዘች። "ውይ አባባ! ልልከው ነበር እኮ! ነገ የዲምቱ ሰዎች ኢሜይል ሲከፍቱ 'አደገኛ ነው' ይላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ነኝ፤ ያሰናብቱኝ ነበር።"

ስሙን ጨምራ ለማኅተም ሰጪው ድርጅት ላከችው።

"ለማኅተም ሰጪውስ ማን ያትምለታል?" አልኳት።

"ከእሱ በላይ ያለው።"

"ከዚያ በላይስ?"

"አባባ፣ ተወኝ በናትህ!"

እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ ያልኩት ግን ፈጠራ ነው። መነጽሬ ከጠፋ ሰነበተ፤ አንድም ፊደል አልታየኝም፤ ስሞቹን በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት። ዲምቱን የጠራሁት እጮኛዋ የዚያ አገር ልጅ ስለሆነ፣ ላሳፍራት ብዬ ነው።