የመጨረሻው ፉርጎ ፋኖስ

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም እያጉረመረመ ነው? የኮቨንትሪ ብርድስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። ያቺ የደረት ሳሌም ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትነሳለች።

አሁን ወንበር ስቢና ቁጭ በይ፣ ዜና አለኝ። የባሊኬልን የባቡር መስመር ከፍቼዋለሁ። አዎ፣ እኔ ወንድምሽ! ዘግተውት፣ ሣር በልቶት፣ ሰው ሁሉ እርም ያለውን መስመር ከፈትኩት። ስኳር የሚወጣበትን ነጭ ሥር እስከ አፉ የጫነ ባቡር ከሰኞ እስከ ሰኞ እየሄደ ነው። ያልከፈትኩት ነገር ቢኖር ፋብሪካውን ብቻ ነው።

እሺ፣ እሺ፣ አትሳቂ። ባቡሩ ክንዴን ያህላል። ሐዲዱም የተነጠፈው በአረጋውያን መጦሪያው ሳሎን፣ ድሮ የፒንግፖንግ በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያነጠፈው ደግሞ ጸጉር አስተካካዩ ፒርስ ነው። እኔ ግን ከጎኑ ቆሜ አዝዣለሁ፤ አዛዥ ከሌለ ሐዲድ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ሌላም ዜና አለኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በቤተ መጻሕፍቱ የማታ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። የነበርነው አራት ነን፣ አንዱ እንቅልፋም ነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህራችን ግሮንያ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፤ "የእርስዎ ጽሑፍ ወሬ ያበዛል" ትለኛለች። ድሮ ወረቀት በሰጡኝ ቁጥር "መነጽሬን ረሳሁ" እያልኩ የማመልጠውን አንቺ ታውቂያለሽ። አሁን መነጽር ገዛሁ፤ እሱን ራሱን ነው የምረሳው።

የጨዋታውን ያህል ተጫወትኩ። ሦስተኛውን ነገር ለመጻፍ ነው ብዕሩ የከበደኝ።

ማይልስ ሊሄድ ነው፣ እህቴ። ባልሽ ልበል ወይስ ባልሽ የነበረው ልበል አላውቅም፤ ግሮንያ ይህንን አላስተማረችንም። ስለዚህ ማይልስ ብቻ እላለሁ። ሐኪሙ የሚለው ነገር የለም፤ ብሬዳ የምትባለው ነርስ ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ "የሚጠራ ሰው ካለ ይጥሩ አባባ" አለችኝ። እኔም እየጠራሁሽ ነው። ይህን ሁሉ ቀለም የማፈሰው ነዪ ለማለት ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ ትሪ አድርጌ ነው የምጽፈው። እሱ ተኝቷል። የክፍሉ መስኮት እናታችን ያረፈች ቀን፣ ነፍሷ መውጫ እንዳታጣ ብለሽ የከፈትሽውን የወጥ ቤታችንን መስኮት ይመስላል። እጀታው እንደዚያው ይጣበቃል።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አእምሮው ከሸሸ ቆይቷል፤ በስልክ የነገርኩሽ ነው። ያልነገርኩሽ ግን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ የሚያደርገውን ነው። ተነሥቶ ሳሎኑ መስኮት ላይ ይቆማል። ቁጭ በል ቢሉት አይቀመጥም፣ ብላ ቢሉት አይበላም። "መንገዱ አልተለቀቀም" ይላል። ነርሶቹ የመኪና መንገድ የሚል መስሏቸው "ማንም አልዘጋውም እኮ" እያሉ ያባብሉታል። እኔና አንቺ ግን የቱን መንገድ እንደሚል እናውቃለን። ስንት እራት ያቀዘቀዘብሽ ይኸው ነገር አይደል?

የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ላይ ቀዩን ፋኖስ የምሰቅለው እኔ ነበርኩ፤ ምልክት እያወረደ ባቡር ከሚያሳልፍበት ምልክት ቤት መስኮት ሆኖ የሚያየው እሱ። ፋኖሱን ካየ ባቡሩ ሙሉ ነው፣ ተበጥሶ መንገድ ላይ የቀረ ፉርጎ የለም። ያኔ ባቡሩን ለላከው ጣቢያ ደወሉን ይመታል፤ ሁለቴ፣ ቆም ይልና አንዴ። መንገዱ ተለቀቀ ማለት ነው፣ ሰውም ቤቱ ይገባል። ፋኖሱን ካላየ ግን ጳጳሱ መጥተው ጉባኤ ረፈደብኝ ቢሉት ምልክቱን አያወርድላቸውም። የሥሩ ነቀላ በደረሰ ጊዜ፣ ባቡር በባቡር ላይ ሲመጣ፣ ስንት ሌሊት እዚያው እንዳደረ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ።

አንቺ የሄድሽበትንም ባቡር ያሳለፈው እሱ ነው። እስከ ዛሬ በመካከላችን አንሥተነው አናውቅም፤ ወረቀት አያፍርም ብዬ ልጻፈው። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትገቢ ከላይ አይቶሻል። ምልክቱን አወረደ፣ ባቡሩ አለፈ፣ ፋኖሱን አየ፣ ደወሉን መታ። የጣቢያው ሰው ሁሉ "የምልክቱን ዘንግ ባይነካው ኖሮ ባቡሩ ቆሞ ይቀር ነበር፤ ወርዶ ያናግራት ነበር" እያለ ስንት ዓመት አማው። አንድ ቀን እኔም ተናድጄ "ምናለበት ብታቆመው?" አልኩት። ሻዩን አስቀምጦ "መንገዱ ባዶ ነበር እኮ አማቼ። ባዶ መንገድ ላይ ምን ብዬ ላቁመው?" አለኝ። ሻዩንም መልሶ አነሣ።

አማቼ ማለቱን ልብ በይ። ከሄድሽም በኋላ ይህችን ቃል አልተዋትም። የግቢው ልጆች "የምን አማች ነው? ሴትየዋ እንግሊዝ አገር ገብታለች!" እያሉ ሲያበሽቁት "እሷ ሄደች እንጂ ይሄኛው መቼ ሄደ? ይኸው ሳንድዊቼን እየበላ አይደለም እንዴ?" ይላቸው ነበር። ጣቢያው ተዘግቶ፣ የምልክት ቤቱ ፈርሶ፣ ሁለታችን ጡረታ ወጥተን እንኳ አማቼ ነበርኩ። አምና ክረምት ላይ ግን ቃሏ ጠፋችው። መጀመሪያ ስሜ ሄደ፣ ከዚያ አማቼ ሄደች። "አንተ ሰውዬ" ሆንኩ። አንተ ሰውዬ መሆን ቀላል እንዳይመስልሽ።

እንግዲህ ይህን ሳይ ነው ለፒርስ "ለምን ባቡሩን አናመጣለትም?" ያልኩት። ፒርስ የባሊኬልን ጣቢያ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል በትንሹ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጸጉር በማይቆርጥበት ሰዓት ሁሉ ባቡር ይቆርጣል። ሱቁን ሲሸጥ ትንሹ ጣቢያ ማደሪያ አጣ፤ በዚህም ተስማማን። አይተሽው ቢሆን! ያ አንዱን ሳጥን በሌላው ላይ በይደው ከፍ ያደረጉት ፉርጎ፣ የዛገው ግድግዳ፣ ብርቱካናማው ሞተር፣ የጭቃው ጓሮ ሁሉ አለ። "ዝገቱ ያንሳል፣ ጨምር። ጭቃው ደርቋል፣ እኛ ዘንድ ደርቆ ያውቃል?" እያልኩ አስለፋሁት። ሣሩን ከምን እንደሠራው ገምቺ። አረንጓዴ ከተቀባ ጸጉር ነው! የባሊኬል ሰው ጸጉር በሙሉ እዚያ ተዘርቷል። የእኔም አለበት፤ ብዙ አይደለም፣ አንድ ቁጥቋጦ ያህል። ከምልክት ቤቱ ሥር ያለው ሣር የማይልስ ነው።

ጭነቱ ደግሞ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ነው። ከሩቁ ስታዪው ሥሩ ራሱ ነው።

መርቀን የከፈትን ቀን አሮጊቶቹ አጨበጨቡ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ማይልስ ከመስኮቱ ዘወር አለ። መጣ። ባቡሩ ሲቆም ከፉርጎው አንዷን ፍሬ በጣቱ አንሥቶ አፉ ውስጥ ጨመራት። አኘካት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አስነጠሰው፣ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ዘንድሮ ስኳሩ ወርዷል፤ ፋብሪካው አይቀበላችሁም" አለን። ሳቅን፣ እህቴ! ፒርስ ወንበር ይዞ ነው የሳቀው። እኔ በሳቁ መሀል "ተመለሰልኝ" አልኩ በልቤ። ሞኝነቴን እዪ።

ከዚያ ባቡሩ ተነሣ። ማይልስ ወደ ምልክት ቤቱ ጎንበስ ብሎ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ሸኘ። የመጨረሻው ሲያልፍ ፊቱ ጠቆረ። ባቡሩ ዞሮ መጣ። እንደገና አየ። ዞሮ መጣ። "ተበጥሷል" አለ። "ምኑ?" አለው ፒርስ። "ተበጥሷል ስልህ! መንገድ ላይ የቀረ አለ! አቁሙ!" ያን ቀን አልበላም፤ በማግስቱም አልበላም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆሞ ዋለ፣ እግሩ እስኪያብጥ። ብሬዳ ተቆጥታ መጣችና "እናንተ ሽማግሌዎች ይሄን ሰው ልትገድሉት ነው እንዴ? ነገ ጠዋት ይህን ባቡራችሁን አንሡልኝ!" አለችን።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ የገባኝም ደረጃ ስወርድ ነው፣ ልወድቅ ነበር። ስለ ዝገቱ ፒርስን ያስለፋሁ፣ ስለ ጭቃው የጮኽኩ እኔ፣ ፋኖሱን ረስቼዋለሁ! ሌላ ማንም ቢረሳው ያምራል። ዕድሜዬን በሙሉ በዝናብ በነፋስ ስሰቅለው የኖርኩትን፣ የእኔን ሥራ፣ የእኔን እንጀራ!

ተመልሼ ብሬዳን "ሲስተር፣ ቀይ ራስ ያላት መርፌ አለሽ?" አልኳት። "ደግሞ ምን ልትሰፉ ነው?" እያለች ሰጠችኝ። ፒርስ በመቀሱ ቆረጣት፣ እኔ በመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ሰካኋት። ሁለቴ ስቼ ነው የገባችልኝ። "እኔ ልስካልህ" ቢለኝ ፒርስ "ይህ ሥራ የእኔ ነው፣ አንተ ጸጉርህን ቁረጥ" አልኩት።

ባቡሩ ተነሣ። ማይልስ ጎንበስ አለ። ፉርጎዎቹ አለፉ፤ መጨረሻ ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ አለፈች። ቀና አለ። በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን መታ፤ ሁለቴ፣ ቆም አለና አንዴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ሙሉ ነው አማቼ" አለኝ።

ተቀመጠ። ሾርባውን በላ። ወደ አልጋው ወሰድነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ፒርስ "አሳረፍከው" ይለኛል። እኔ ግን ያንን መርፌ ባልሰካው ዛሬም ቆሞ ይጠብቅ ነበር እላለሁ፤ ይህን ስልም ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም።

አየሽ፣ አማቼ አለኝ። ሰው ያለ እህት አማች አይሆንም። እንግዲህ እሱ ዘንድ አንቺ አልሄድሽም ማለት ነው። ስለዚህ ነዪ። መርከቡ እንደ ድሮው ሮስሌር ይገባል፤ ባቡር ባይኖርም ፒርስ በመኪናው ይቀበልሻል። ምንም መናገር የለብሽም፤ እጁን ብቻ ያዢው። የአንቺን እጅ ያውቀዋል ብዬ

እዚህ ላይ ሳለሁ ብሬዳ ገባች። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሄዳ አንቺ ያኔ እንዳደረግሽው መስኮቱን ልትከፍት ያዘች። እጀታው አስቸገራት፤ ተነሥቼ አገዝኳት። ዝናቡ እየገባ ነው። ከላይ ያለው መስመር ቀለሙ የፈሰሰው ለዚህ ነው፤ የእኔ ጽሑፍ እንዲህ የሚያስጠላ አይደለም።

ስለዚህ አትቸኩዪ እህቴ። በዚህ ነፋስ መርከቡም አያምርም። ጉልበትሽ ሲሻልሽ ብትመጪ ይደርሳል።

ከሳሎን የባቡሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ ፒርስ ሳያጠፋው ሄዷል። እንደጫነ ይዞራል። ማራገፊያ ፋብሪካ የለው፣ ባዶውን የሚመለስበት እርሻ የለው። ሄጄ ላጥፋው እላለሁ፣ ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጠንክርልሽ። ቤትሽ ሙቀት አይጣ፣ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣሽ። እናታችን ያረፈችበትን ሰላም ለሁላችንም ያድለን።

አንድ ነገር ቀረ። ግሮንያ ስሕተት ስታገኙ ወረቀቱን አትቅደዱ፣ ቃሉን በአንድ መስመር ሰርዙት ብላናለች። ከላይ የምሰርዛት አንዲት ቃል አለችኝ። ማይልስ ያለው "ሙሉ ነው" ነው። እሱን ብቻ ነው ያለው፤ ፊቱም ወደ እኔ አልዞረም። "አማቼ" የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ እንድትመጪ ብዬ። አሁን ለዚያ አታስፈልግም። ብዕሬን ይዤ ወደ ላይ ተመልሼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ፣ ትቼያታለሁ።

ወንድምሽ፣
የማይልስ ሲኖት አማች