የጤነኞቹ ደም

ዊኒፔግ ለምትኖሪው፣ ለማትታረሚው የእህቴ ልጅ ለዶክተር ዳርሊን፦ ሰላምታዬ ከነላቦራቶሪሽ ይድረስሽ፤ ተጣልተናል።

የላክሽልኝ ሸሚዝ ቁልፎች የተሠሩት ለአይጥ ነው? እንዳይለበስ አድርገሽ ነው የገዛሽው። የዓሣ መረቡንም ጎረቤቴ ኤልመር ይጠግን፤ እኔ አለቃ ሆኛለሁ።

ትናንት ያ ረዳትሽ መርፌውን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የሰውነት በሽታ መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያ ላይ ለምን እንደሚነሳ የምናውቀው የሕመምተኞችን ደም ከጤነኛ ዘመዶቻቸው ደም ጋር ስናስተያይ ነው» አለኝ።

«የእህቴን ደም ዕድሜ ልኳን ስትቀዱ ጣቷ ተቃና? ጤነኛ ከፈለግህ ሌላ ቤት አንኳኳ!» ብዬ አባረርኩት። አንቺም በእናትሽ ያየሽው ይበቃሻል፤ እኔን ተይኝ።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ አንቺው ራስሽ! እንግዲህ ስንብቱን ትቼ እንኳን ደህና መጣሽ ልበል። ግቢ፤ የበሩ እጀታ ግን ለእኔ ጣቶች እምቢ ብሏልና ከውጭ አንቺው አዙሪው።

የተቀየመሽ አጎትሽ ክሊፎርድ