አሮጌው ደም ስሬ ለንብረት ክፍል እንዲመለስ ስለመጠየቁ

ለክቡር አቶ ጫንያለው
የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊና የሠራተኞች ሕክምና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነቀምቴ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ ለተቀየረው ወንበርዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ የሰርቪሱ ሾፌር ጉሉማ፣ በፈጣሪ ቸርነትና በሐኪሞች ብርታት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አለሁ። ከዛሬ ወዲያ ያለው በእርስዎ ፊርማ ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ይህን ደብዳቤ ከክበቡ ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በታላቅ ትሕትና ነው።

እንደሚያስታውሱት ከአምስት ወር በፊት ከዲጋ ስመለስ መሪ እንደያዝኩ ደረቴን አፈነኝ። አዲስ አበባ ተወስጄ፣ በእጄ አንጓ በኩል ገብተው የተዘጋውን የልቤን ደም ስር ከፈቱና መልሶ እንዳይዘጋ መድኃኒት የተቀባች ትንሽ የሽቦ ቱቦ አኖሩበት፤ ስቴንት ይሏታል። ስኳር ስላለብኝ ጉዳዬ ከሌላው ይልቅ አስጊ ነው ተብሎ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አንድም ቀን ሳላቋርጥ እንድውጥ ታዘዝኩ። ክኒኑ የሚሰጠኝ ኮሚቴዎ በየወሩ በሚጽፍልኝ ደብዳቤ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤ አልተጻፈም፤ የቀረኝም የስድስት ቀን ክኒን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው፣ አዲስ ዕቃ የተገጠመለት ሠራተኛ አሮጌውን ለንብረት ክፍል ሳያስረክብ ሌላ ነገር አይሰጠውም ሲል ወስኗል። ደንቡን እኔም አከብራለሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሾፌርነቴ አሮጌውን ሳልመልስ አንዲት ካንዴላ፣ አንድ የፍሬን ሸራ ወስጄ አላውቅም። ነገር ግን አሮጌው ደም ስር አልወጣም፤ ቱቦዋ የተቀመጠችው እሱው ውስጥ ነው። ልመልሰው ካልኩ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ተቆርጦልኝ እኔም አብሬው ገቢ መሆኔ ነው፤ ያን ጊዜ አስረካቢ ሆኖ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ደንቡ አይናገርም።

2. «ያልተቀባው ቱቦ ለምን አልበቃውም?» ተብሎ መጠየቁንም ሰምቻለሁ፤ ለቁጠባ ያለዎትን ትጋት አደንቃለሁ። ቱቦዋን ያኖሩልኝ ሐኪሜ ዶ/ር ሊሊሴ እንዳስረዱኝ፣ እንደ እኔ ባለ የስኳር ሕመምተኛ ያልተቀባው ላይ ሥጋ እየበቀለ መልሶ ይዘጋዋል፤ በተቀባው ላይ ያለው መድኃኒት ቀስ እያለ እየወጣ ይህን ይከላከላል። ክኒኑ ያለጊዜው ከተቋረጠ ግን ደም ይረጋበታል። ለጌጥ ያስቀባሁት አይደለም፤ ለመሆኑስ ማን ያይልኛል?

3. ደብዳቤዬ ላይ ከእርስዎ ጋር የሚፈርሙት ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ስለ ፈጣን አገልግሎት ለመሠልጠን ለአሥራ አምስት ቀን አርጆ ሄደዋል። ያደረስኳቸው እኔው ነኝ። ደንቡ በአስቸኳይ ጊዜ ሰብሳቢው ብቻውን እንዲፈርም ቢፈቅድም፣ ክቡርነትዎ አስቸኳይ መሆኑ በኮሚቴ ይረጋገጥ ብለዋል።

ባለቤቴ ድርቤ በየማለዳው ክኒኑን ትቆጥራለች። እኔ ስቀልድ እሷ አትስቅም፤ እውነቱን ልናገርና እኔም ፈርቻለሁ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ በልብ ሕመም ሞተ ቢባል ያለ ነው፣ በፊርማ ዕጦት ሞተ ማለት ግን ለለቀስተኛ ማስረዳት ያስቸግራል።

በእኔ ዕድሜ ላይ ስለሚያሳዩት ትዕግሥት ከልብ፣ ያውም ከተጠገነው ልቤ፣ አመሰግናለሁ።

ከከፍተኛ አክብሮትና ከስድስት ቀን ክኒን ጋር፣
ልቡ እስከፈቀደለት ድረስ ታዛዥዎ፣
ጉሉማ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ለድርቤ
ለዶ/ር ሊሊሴ
ለአሮጌው ደም ስሬ፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት ወደ ቢሮዎ ሲወጡ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው ደረትዎን ሲይዙ አይቻለሁ፤ ያን አያያዝ አውቀዋለሁ። ኦቦ ጫንያለው፣ ይህ ቀልድ አይደለም፣ ይመርመሩ። መኪናው ነዳጅ ሞልቶ በር ላይ ቆሟል፤ ሐኪም ዘንድ እርስዎን ለማድረስ ቃለ ጉባኤ አልጠብቅም፣ አሮጌውን ያስረክቡም አልልም። ብቻ በስድስት ቀን ውስጥ ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ሾፌር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም።