ቦራ የታሰረበት ገመድ

ለምራቴ፣

የአላህ ሰላም በአንቺና በልጅሽ በኢስራ ላይ ይሁን። እንደምን ከረማችሁ? የዋጃ ሙቀት ጠናባችሁ ወይስ ዝናብ አገኛችሁ? የአባትሽ ጉልበት ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ እንባ እየቀደመኝ ዘጋሁት። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ስለ ቦራ ነው፤ ስለ ባልሽ ውሻ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ አጥንት ያነቀው መስሎኝ ጉሮሮውን ዳበስኩት። ኋላ ጎኑ ከሳ፣ ሆዱ ተነፋ። ታውቂያለሽ፣ ጎርፉ ልጄን ኢብሮን ከወሰደው ወዲህ አመሻሽ ላይ የጎሊናን ወንዝ ዳር ለዳር ሳያስስ አይገባም ነበር። አንድ ቀን እዚያው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጎረቤታችን ካሳው በጋሪ ጫነልኝና ቆቦ ወሰድነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ይድነቃቸው ይባላል። ከጆሮው ደም ቀዳና በማይክሮስኮፕ አየ። "ይምጡ እናቴ፣ እርስዎም ይዩት" አለኝ። አየሁት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ደሙ ውስጥ ይንፈራገጣል። እነዚህ የትሉ ልጆች ናቸው፣ ትልልቆቹ ልቡ ውስጥ እንደ ክር ተጠላልፈው ተቀምጠዋል አለኝ። የልብ ትል ነው። ከውሻ ወደ ውሻ የምታደርሰው ትንኝ ናት፤ ጎርፍ ተኝቶ በሚከርምበት አገር ትንኝ መች ይጠፋል አለ። ልጄን የወሰደው ውሃ ትንኝ ፈለፈለ፣ ትንኟ ደግሞ ውሻውን ነከሰች። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረው?

ትልልቁን ትል የሚገድለው መርፌ እዚህ አይገኝም። ኪኒን ሰጠኝና አስጠነቀቀኝ። "ዋናው ኪኒኑ አይደለም፣ እናቴ። አስረው ያስቀምጡት። ትሉ ሲሞት ተበጣጥሶ ወደ ሳንባው ይሄዳል። በዚያ ላይ ከሮጠ ይደፈንበትና ይሞታል።"

አሰርኩት። ኢብሮ ከአፋሮች በገዛው የግመል ገመድ፣ ቤት ውስጥ፣ ምሰሶው ላይ። ኪኒኑን በማሽላ ቂጣ እየጠቀለልኩ አጎርሰው ነበር። ካሳው አይቶ "እትዬ፣ እኔን ወባ ሲይዘኝ ሚስቴ እንዲህ ብታጎርሰኝ መዳንም ባልፈለግሁ" ብሎ አሳቀኝ። ያቺ ጎረቤታችን ዘሊካ ግን ደጃፌ ላይ ቆማ "ውሻ ቤትሽ አስገብተሽ መላኢካ በየት ይግባልሽ?" አለችኝ። "በሬ እንደሆነ ኢብሮ ከሄደ ሁለት ክረምት ሙሉ ተዘግቶ አያውቅም፤ የሚገባ ይግባ" አልኳት። የላሰውን ሁሉ እንደ ደንቡ በአፈርና በውሃ እያጠብኩ ነበር የምሰግደው፤ እሱን አልነገርኳትም።

ይህ ሁሉ ለውሻ ነው ወይ ትይ ይሆናል። ልጄን ጎርፉ የወሰደው ቀን አብሮት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ኢብሮ የት እንደቀረ የሚያውቅ ካለ ቦራ ነው ብዬ ነበር። እሱ ከሞተ ልጄን የሚፈልግ ማን ይቀራል? አባትሽ የላካቸው ሽማግሌዎች "ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርበሽ የኢብሮን መሞት መስክሪላት፤ ሌላ ታግባ" ሲሉኝ፣ "ሬሳውን አሳዩኝና ልመስክር፤ እስከዚያ የሰው ሚስት ናት" ብዬ የመለስኳቸው ለዚሁ ነው። ተቀይመሽኝ ኢስራን ይዘሽ ሄድሽ። ብትቀየሚኝ አይፈረድብሽም።

ባለፈው ሐሙስ በደጋው በኩል ጠቆረ። እኛ ጋ ጠብታ የለም። አመሻሽ ላይ ከላይኛው መንደር "ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!" የሚለው ጩኸት ተነሣ። ወንዱ ሁሉ ውሃውን ወደ ማሳው ሊጠልፍ አካፋውን ይዞ ሮጠ። ቦራ ተነሣ። ኢብሮ ያን ጩኸት ሲሰማ እንዴት ይነሣ እንደነበር ታስታውሺ የለ? እንደዚያ። ኪኒኑን መዋጥ ትቶ ነበር፣ እግሩም አብጦ ነበር። አልጮኸም። ገመዱን ወጥሮ እኔን አየኝ። እኔን ብቻ ነው ያየኝ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ኢብሮ ይከፍተው በነበረው ቦይ አፍ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ከአፍንጫው ደም ይወርዳል። ፊቱን ወደ ውሃው አድርጓል። እንደ ወትሮው ወደ ታች አልወረደም፣ አላሸተተም፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው አልነበረም። ውሃው አጠገባችን እየጮኸ ሲያልፍ ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ትንፋሹ እዚያው ቀረ።

ካሳው ከቦዩ ከፍ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረለት። አፈሩን እኔ መለስኩ። በልጄ ላይ አፈር ሳልመልስ በውሻው ላይ መለስኩ። ዘሊካ ልትቆጣኝ መጥታ ነበር፤ ፊቴን ስታይ አካፋውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

አገሩ ሁሉ ቦራ ገመዱን በጥሶ ሮጠ ይላል። እኔም ይበሉ ብያለሁ። ገመዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አንድ ክሩ እንኳ አልተነካም፣ ቋጠሮው ብቻ ነው የተፈታው፤ ለአባትሽ ላም ይሆናል።

ለጁምዓ ለኢብሮ ሰደቃ አወጣለሁ። ኢስራን ይዘሽ ነይ። ሰኞ ደግሞ አብሬሽ ወደ ቃዲው እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ የጠየቁኝን ቃል ራሴ እሰጣለሁ። ትናንት በሩን ዘግቼ ተኛሁ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። የምትገቢበትን ቤት በበረካ ይሙላልሽ። ኢስራን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ደጄን አትርሺው።

እናትሽ